ከተመረጡት ወይስ ከቀሩት

አጎቴ ዊልፍ የበጓን መንጋጋ በግራ እጁ ይዞ፣ በቀኝ አውራ ጣቱ የታች ከንፈሯን ገለጥ አድርጎ ጥርሷን ያያል። ጥርሷ ሙሉ ከሆነ ጀርባዋን ቸብ አድርጎ በሰፊው በር ወደ ተራራው ይለቃታል። አንድ እንኳ ከጎደላት ግን ባልዲው ውስጥ የነከረውን እንጨት አንሥቶ ጀርባዋ ላይ ቀይ መስመር ያሰምርና በጠባቡ በር ወደ ትንሹ ጉረኖ ያስገባታል።

«ይቺ ተመርጣለች» ይላል ሁልጊዜ። ለእኔ ይሁን ለውሻው ለሞስ እንጃ።

ጥቅምት ነው። ካፊያው አላቋረጠም። እርጥብ ሱፍ፣ በጠጥና የአጎቴ ዊልፍ ፒፓ አንድ ላይ ይሸታሉ። እኔ ካቡ ላይ ተቀምጬ፣ የአክስቴ አግነስን አሮጌ የዝናብ ልብስ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ለብሼ እመለከታለሁ።

«የተመረጡት የት ነው የሚሄዱት?» አልኩት።

«ገበያ ይወርዳሉ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ የገዛቸው ያውቃል።»

«ያልተመረጡትስ?»

«እነሱማ ይቀራሉ። አገራቸው አይደል? ወዴት ይሄዳሉ?» አለና የሚቀጥለዋን በግ በቀንዷ ያዛት።

ሰባት ዓመቴ ነበር። አጎቴና አክስቴ የምላቸው እነ ፎዘርጊል ቤት የገባሁት በሚያዝያ ነው። ከዚያ በፊት የነበርኩባቸው ቤቶች ሁሉ ፍጻሜያቸው አንድ ዓይነት ነበር። ሚስ ኦፐንሾው የምትባል የሕፃናት ጉዳይ ሠራተኛ በግራጫ መኪናዋ ትመጣለች፤ ሻንጣዬ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃታል፤ የቤቱ እመቤት ፀጉሬን ትዳብሰኛለች፤ መኪናው ይነሣል። ለምን እንደምሄድ የነገረኝ ሰው አልነበረም። አሁን ገባኝ። ለካ ነገሩ የጥርስ ነው።

ምላሴን ወደ ኋላ ሰድጄ ዳሰስኳት። መሐሏ የተቦረቦረች፣ ከሐምሌ ጀምሮ ቀዝቃዛ ውኃ በጠጣሁ ቁጥር የምትጠዘጥዘኝ አንዲት መንጋጋ ነበረችኝ። አፌን ገጠምኩ።

ከተመረጡት በጎች እኩሌቶቹ ቢላዋ እንዳላዩ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። የተራራው ሣር እንደ ሽቦ ነው፤ ጥርሷ የደከመ በግ አትችለውም። ስለዚህ ቆላ ያሉ ገበሬዎች ይገዟቸውና ለስላሳ ሣር ላይ ይለቋቸዋል። እዚያ ሁለት ሦስት ዓመት ወልደው፣ ወፍረው ይኖራሉ። አጎቴ ዊልፍ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። አልጠየቅሁትም፤ እሱም ካልጠየቁት የሚናገር ሰው አልነበረም።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ ማታ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ፎቅ ላይ ንባብና ጽሕፈት እማራለሁ። ከቤት ቤት ስዞር ያመለጠኝን ፊደል ከዚያ በኋላ አልደረስኩበትም፤ ብልሃት እየፈጠርኩ ሸፋፍኜ ኖርኩ። ልጄ ጆዲ ትምህርት ቤት ገብታ «እማ፣ ይህን አንብቢልኝ» ማለት ስትጀምር ግን ብልሃቱ አለቀ። አስተማሪያችን ሚስስ ቶልሰን አንድ ቃል ሰሌዳው ላይ ትጽፍና ከየት እንደመጣ ትነግረናለች። «የማን ልጅ እንደሆነ ያወቃችሁትን ቃል አትረሱትም» ትላለች።

አንድ ሐሙስ የጻፈችው «ከል» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ነበር። የበግ ሰዎች ሁሉ የምናውቀው ቃል ነው፤ ደካማውን ከመንጋው ነጥሎ ማውጣት። ሚስስ ቶልሰን ግን ጥንት ትርጉሙ መልካም መልካሙን መልቀም ነበር አለች። ሰው አበባ ሲለቅም የሚባለው ይኸው ነበር። እናቱ ከላቲን የመጣች «መሰብሰብ» የምትል ቃል ናት። ቃሉ በረት ከገባ በኋላ ነው የተገለበጠው።

«እንዴት ነው አንድ ቃል ምርጡንም ውራጁንም የሚያነሣው?» አለ አጠገቤ የሚቀመጠው የአውቶቡስ ሹፌር።

«እጁ ያው አንድ ነው» አለች ሚስስ ቶልሰን። «የሚለየው ያነሣኸውን ወዴት እንደምትወስደው ነው።»

ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

በጎቹ በተለዩ በሳምንቱ ግራጫዋ መኪና ግቢ ገባች። ደረጃው ሥር ተወሸቅሁ። የማዕድ ቤቱ በር አልተዘጋም ነበር።

«እንግዲህ ወስናችኋል?» አለች ሚስ ኦፐንሾው።

«ወስነናል» አለች አክስቴ አግነስ።

«ሚስተር ፎዘርጊልስ?»

የአጎቴ ዊልፍ ወንበር ሲጢጥ አለ። «እኛማ መርጠናል። ሌላ ልጅ አናይም። መርጠናታል፤ አበቃ።»

«እንዲህ ከሆነ ጥሩ ነው። በረዶው መንገዱን ሳይዘጋው ኬንዳል እንጨርሰዋለን።»

ኬንዳል የበግ ገበያው ያለበት ከተማ ነው።

«የጥርሷ ነገር ግን አሳስቦኛል» አለች አክስቴ አግነስ። «አንዷ ፈጽማ ተበልታለች። ዳኛው ፊት ሳትቀርብ ብናሳያት ምን ይመስልሻል?»

«ብታሳዩዋት ጥሩ ነው» አለች ሚስ ኦፐንሾው፤ ሻይዋን ፉት ስትል ተሰማኝ።

ያን ቀን «አዶፕት» የሚለውንም ቃል ደጋግመው ሲያነሡት ሰምቻለሁ። ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ የገበያ ስም መሰለኝ። ሚስስ ቶልሰን ይህንንም ፈትታዋለች። የሌላ ሰው ልጅ በጉዲፈቻ «ለራስ መርጦ መውሰድ» ማለት ነው፤ ውስጡ ያለው የላቲን ቃል መምረጥንም መመኘትንም ይዟል። ያኔ ትርጉሙን የሚያውቅ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ የባሰ እደነግጥ ነበር። እዚያም ውስጥ መምረጥ አለበት።

ጥርስ ሐኪሙ ረጅም፣ እጁ ሳሙና ሳሙና የሚሸት ሰው ነበር። «አፍሽን ክፈቺ፣ የኔ ቆንጆ» አለና አገጬን ያዘኝ። አውራ ጣቱ የታች ከንፈሬን ገለጥ ሲያደርገው የቀረውን አውቄዋለሁ። ነከስኩት።

«ኧረ ይቺ ልጅ ቀበሮ ናት!» ብሎ ጣቱን አራገፈ።

«ኖሪን! ምን ነካሽ?» አክስቴ አግነስ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። «እንዲህ አታደርግም እኮ፣ ዶክተር። ቤት ውስጥ ድምጿ የማይሰማ ልጅ ናት።»

«በጣም ጥሩ። ድምጿ ሳይሰማ ነው የነከሰችኝ» አለ ሐኪሙ። ጥርሴን ሳያይ ተመለስን። አውቶቡስ ውስጥ አክስቴ አግነስ በመስኮት እያየች ሄደች፤ እኔ ግን አንድ ቀን ያተረፍኩ ያህል ደስ ብሎኛል።

ከዚያ ወዲያ በሰው ፊት አፌን መክፈት ተውኩ። ስጠየቅ ጭንቅላቴን እወዘውዛለሁ። ምግብ ሲቀርብ አንገቴን ደፍቼ፣ በከንፈሬ ጫፍ አኝካለሁ። አጎቴ ዊልፍ ነገሩን ያስተዋለ አይመስለኝም፤ እሱም የሚበላው አንገቱን ደፍቶ ነው። አክስቴ አግነስ ግን ታየኝ ነበር።

የዚያ ዓመት ትንንሾቹ ጥቁር ፕሪሞች ዘግይተው ደርሰው ነበር። አክስቴ አግነስ በትልቁ የመዳብ ድስት ማርማላታ ስትሠራ ቤቱ በሙሉ ጣፋጭና ጎምዛዛ ሸተተ፤ መስኮቱ በእንፋሎት ታወረ። ማንኪያውን ቀዝቀዝ አድርጋ፣ እፍ ብላ ወደ እኔ ዘረጋችው።

«ስኳሩ በቃው እንደሆነ እስቲ ቅመሺና ንገሪኝ።»

ጭንቅላቴን ወዘወዝኩ።

«ትንሽ ብቻ። ጫፉን።»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ማንኪያው ትንሽ ጊዜ አየር ላይ ቆየ። ከዚያ ራሷ ቀመሰችው፤ «በቅቶታል» አለች ለማንም ሳይሆን። እንዲያ ብትልም ስኳሩ ያልበቃው መስሏት የተከፋች መሰለኝ።

«ቹዝ» የሚለው የእንግሊዝኛው ዋና የመምረጥ ቃል በጥንት ዘመን ከመቅመስ ጋር አንድ ሥር እንደነበረው የተማርኩት ባለፈው ክረምት ነው። ሰው የሚመርጠው በምላሱ ነበር ማለት ነው፤ ቀምሶ፣ ከጣመው ያስቀራል። ሚስስ ቶልሰን ይህን ስትናገር ሌሎቹ ሳቁ፤ አንዲት ሴት «እኔ ባሌን ሳልቀምስ ነው የወሰድኩት!» አለች። እኔ ግን ያ ማንኪያ ታየኝ። አክስቴ አግነስ የዘረጋችልኝ ማርማላታ ብቻ አልነበረም። በራሷ መንገድ «አንቺስ ትመርጪናለሽ?» ብላ ጠይቃኛለች፤ እኔ ደግሞ በራሴ መንገድ ፊቴን አዙሬባታለሁ።

ኬንዳል ዳኛው ፊት የምንቀርብበት ቀን አዲስ ካፖርት አለበሱኝ። ሻንጣ ግን አልተዘጋጀም። ሻንጣ አለመኖሩ ሊያጽናናኝ ይገባ ነበር፤ ነገር ግን በጎችም ሻንጣ አልነበራቸውም።

ዳኛው ሽማግሌ ናቸው። ክፍሉ የፍርድ ቤት አዳራሽ ሳይሆን ምንጣፍ የተነጠፈበት የሥራ ክፍል ነበር። እኔ መሐል ተቀመጥኩ፤ በአንድ በኩል አክስቴ አግነስ ጓንቷን ይዛ፣ በሌላው በኩል አጎቴ ዊልፍ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። ሚስ ኦፐንሾው ከኋላችን ነበረች።

ዳኛው ከመሳቢያቸው ከረሜላ አውጥተው ሰጡኝ። ካፖርቴ ኪስ ከተትኩት።

«አትበይውም?»

ጭንቅላቴን ወዘወዝኩ።

«ስምሽ ማን ነው?»

ዝም።

«ተራራው ላይ መኖር እንዴት ነው? ውሻ አላችሁ አሉኝ።»

ጥርሴን ነክሼ የጠረጴዛውን እግር አያለሁ።

«ምላስሽን ዋጥሽው እንዴ?» አሉ ዳኛው፤ በቁጣ አልነበረም። ሚስ ኦፐንሾውን አዩዋት። «ሁልጊዜ እንዲህ ናት?»

«ከጥቅምት ወዲህ ነው፣ ጌታዬ። በፊት ትጫወት ነበር።»

«ጥቅምት ምን ሆነች?»

አክስቴ አግነስ የጓንቷን ጣቶች አንድ በአንድ ስትጎትት ይታየኛል።

ዳኛው ወንበራቸውን አዙረው ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። «ስሚኝ ልጄ። አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅሽ፤ ከዚያ አላስቸግርሽም። ማንም አይቆጣሽም፤ እውነቱን ንገሪኝ። ሚስተርና ሚስስ ፎዘርጊል አንቺን መርጠውሻል። አንቺስ መመረጥ ትፈልጊያለሽ?»

የጠየቀኝ ሰው የመጀመሪያው እሳቸው ናቸው። በጎቹን ማንም አልጠየቃቸውም። አፌን በእጄ ሸፈንኩና፣

«አልፈልግም» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«መመረጥ አልፈልግም። መቅረት ነው የምፈልገው።»

ከዚያ በኋላ ክፍሉ ውስጥ የሆነው ምን እንደነበረ ዛሬ እናት ሆኜ ይገባኛል። ያኔ ግን ያየሁት ይህን ብቻ ነው። ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። ሚስ ኦፐንሾው «ወይኔ» አለች ቀስ ብላ። አክስቴ አግነስ ተነሥታ ካፖርቷን መቆለፍ ጀመረች፤ ቁልፎቹ ተዛነፉባት፤ እንደተዛነፉ ተወቻቸው።

«እንግዲህ ልጅቷ መቅረት ከፈለገች» አሉ ዳኛው፣ «በግድ የሚሆን ነገር የለም። ሚስ ኦፐንሾው ሌላ ቤት ትፈልግላታለች። አዝናለሁ።»

«ፈቃዷ ነው» አለች አክስቴ አግነስ። «ልጅም ቢሆን ፈቃድ አለው። ሹራቧ ግን አላለቀም፤ አንድ እጅጌ ይቀረዋል፤ እልክላታለሁ።»

እኔ ከወንበሬ ዘለልኩ። የሰማሁት «መቅረት ከፈለገች» የሚለውን ብቻ ነው። የአጎቴ ዊልፍን ጣት ይዤ ጎተትኩት።

«በሉ እንሂድ! ሞስ ብቻውን ነው! ቤት እንሂድ!»

«ቤት?» አለች አክስቴ አግነስ። ፊቷ ልክ አልነበረም።

«አዎ! አልተመረጥኩማ!»

አጎቴ ዊልፍ ቀስ ብሎ የሚያስብ ሰው ነው። ቆሞ አየኝ። እየሳቅሁ ነበር፤ አፌ እንደተከፈተ ረስቼዋለሁ። ጎንበስ ብሎ አየና፣ ዐይኑ መንጋጋዬ ላይ ዐረፈ። ከንፈሬን ሰበሰብኩ። ጊዜው አልፏል፤ አይቷታል።

ቀና ብሎ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አደረገ።

«ጌታዬ» አለ ለዳኛው፣ «ልጅቷ የምታወራው በበግ ነው።»

«በምን?»

«በበግ። እኛ ጋ የተመረጠ ይሸጣል። የሚቀረው ነው የእኛ።» ጉሮሮውን ጠረገ። በሕይወቱ በተከታታይ ይህን ያህል የተናገረ አይመስለኝም። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ከጎኔ ካቡ ላይ ነበረች። ስመርጥ አይታለች።»

ዳኛው አጎቴ ዊልፍን አዩት፣ እኔን አዩኝ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ዐይናቸውን አሹ።

«ኖሪን፣ ጥያቄዬን ላስተካክለው» አሉ። «ከእነዚህ ሰዎች ዘንድ መቅረት ትፈልጊያለሽ?»

«አዎ።»

«ሁልጊዜ?»

«አሁን አልኩዎት እኮ!»

ፈረሙ።

ኮሪደሩ ላይ ረጅም አግዳሚ ወንበር ነበር። አክስቴ አግነስ ተቀመጠችበት፤ እኔን ጉልበቶቿ መሐል አቆመችኝ።

«ከጥቅምት ጀምሮ?» አለችኝ።

ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ።

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

«ማርማላታውንም ለዚህ ነው?»

«ጥርሴን ዳግመኛ እንዳታዪው።»

«እኔ ደግሞ ልጅቷ አልጣምናትም ብዬ» አለችና አፏን በጓንቷ ያዘች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እየሳቀች መስሎኝ አብሬያት ሳቅሁ። አጎቴ ዊልፍ ግን ወደ ግድግዳው ዞሮ የእሳት ማጥፊያ መሣሪያው ላይ የተጻፈውን በጥንቃቄ ያነብ ነበር። ዛሬ ያንን ዓይነት ጽሑፍ ማንበብ እችላለሁ፤ ያን ያህል ጊዜ አይወስድም።

ከዚህ ሁሉ የተረፈኝ አንድ ክፉ አመል ነው። ጆዲን አንድ ነገር በነገርኳት ቁጥር «ምን ገባሽ? እስቲ መልሰሽ ንገሪኝ» እላታለሁ። ዛሬ ጠዋት «ቶሎ እመለሳለሁ» ብያት እንኳ ቶሎ ማለት ስንት እንደሆነ ጠየቅኋት። «እማ፣ ገብቶኛል፤ ተይኝ በቃ» ትላለች ዐይኗን ወደ ጣራው ሰቅላ። ትክክል ናት። አልተዋትም።

እነ አክስቴ አግነስ ከዚያ ቀን ወዲያ «መርጠናታል» ብለው አያውቁም። ሰው ስለ እኔ ሲጠይቃቸው «ይቺ የቀረችው ናት» ይላሉ፤ አካባቢው ለምዶት ማንም አይገርመውም ነበር።

ያገባሁ ቀን አጎቴ ዊልፍ እንደ አባት ተነሥቶ ንግግር ማድረግ ነበረበት። ሦስት ሳምንት ሙሉ በረት ውስጥ ሲለማመድ ከርሞ፣ ሰዉ ዝም ሲልለት ሁሉም ጠፋው። ብርጭቆውን እንደያዘ ቆመ፣ ቆመ፤ በመጨረሻ፣

«ይቺ ልጃችን... የቀረችው ናት» አለና ተቀመጠ።

የሙሽራው ወገኖች ከሊቨርፑል የመጡ ናቸው። አንዲት አክስታቸው ለባሏ በሹክሹክታ፣ ግን አዳራሹ በሚሰማው ሹክሹክታ፣ «ቆማ ቀርታ ነበር እንዴ? ሃያ ሦስት ዓመቷ አይደል?» አለችው።

አክስቴ አግነስ አዲሷን ባርኔጣ ደግፋ ወደ ሴትየዋ ዞረች።

«ቀርታለች እንጂ» አለቻት። «ለእኛ።»